ቢጫ እሳት በሽምግልና ቀን

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር፦ ይህን ታሪክ አሳስቼ አስታውሼው ሊሆን ይችላል። እሳቱ ቢጫ ነበር ወይስ ወደ ብርቱካን የሚጠጋ? ዝናቡ የጀመረው መንገዱን ከማቋረጤ በፊት ነው ወይስ እያቋረጥኩ ሳለ? ማል ብትሉኝ አልምልም። ተማሪዎቼ «መምህር እርግጠኛ ያልሆነበትን ቢተው የጥቁር ሰሌዳው ግማሽ ባዶ ይቀራል» እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ። እኔ «ምናልባት» የምትለውን ቃል እንደ ጃንጥላ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ፤ ቦንጋ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ከእጅ አይለዩም። ከዚያ ቀን ነገር ሁሉ ያለ ምናልባት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የአያቴን የቡና አጠጣጥ ነው። ወደዚያ እንደርሳለን።

የሰው ልጅ እሳት ማንደድ ከጀመረ ስንት ዘመኑ ነው? እስከ ዛሬ ግን የትኛው ቀለም የበለጠ እንደሚያቃጥል አልተስማማም። ማንንም ጠይቁ፤ ቀይ ትኩስ ነው፣ ሰማያዊ ቀዝቃዛ ነው ይላችኋል። ቧንቧ የሚሠሩትም ይህንኑ ቀለም ቀብተው ይሸጡልናል። አንድ የማውቀው ሰው ለስብሰባ መጥቶ እኛው ከተማ ሆቴል ያርፍና፣ በቀይ ምልክት ያለውን ቧንቧ ከፍቶ ልብሱን አውልቆ ይጠብቃል። ቀዝቃዛ ውሃ። ሰማያዊውን ይከፍታል። ያው ቀዝቃዛ ውሃ። በቀለም ጉዳይ ሰው ያላታለለ ዕቃ ያየሁት ያንን ቧንቧ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም እኩል አድርጎታል።

እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ቀዩ ፍም ነው። ቀዘቀዘ ስላልኩ እጃችሁን እንዳትሰዱ፤ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ማለቴ ነው። ከሱ የሻማው ቢጫ ነበልባል ይበልጣል። በቂ አየር አግኝቶ የሚነደው የቡታጋዝ ሰማያዊ ነበልባል ደግሞ ሁለቱንም ያስከነዳል። የሻማው ቢጫ ቀለም የሚመጣው ቃጠሎው ሳያልቅ መንገድ ላይ የቀሩ የካርቦን ቅንጣቶች ግለው ሲያበሩ ነው። ያላለቀ ሥራ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያብረቀርቀው። ሰማያዊው ሥራውን ጨርሶ ዝም ያለ እሳት ነው። እንግዲህ ዝም ያለን ነገር ማን ያምናል?

በዚህ ላይ የኬሚስትሪ መምህር መሆን አለ። ሰው የታሪክ መምህር መንገድ ላይ አግኝቶ ያለፈውን ዘመን አስተካክልልኝ አይለውም። እኔን ግን ያገኘኝ ሁሉ አንድ ነገር ከኪሱ ያወጣል። ያልለቀቀ እድፍ፣ አረፋ እምቢ ያለ ሳሙና፣ ከማንኪራ የመጣ ማር። ማሩ ስኳር ገብቶበት እንደሆነ በዓይኔ አይቼ እንድናገር ይፈልጋሉ። ምርመራ ያስፈልገዋል ስላቸው፣ ታዲያ ምን ተማርክ ይሉኛል። አንድ ቀን ይህ ሙያዬ ጉድ እንደሚያደርገኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

አሁን ሰናይትን ላስተዋውቃችሁ። ሰናይት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ለራስ ምታት መድኃኒት ልገዛ ገብቼ ነው የተዋወቅነው። አባቷ ጋሽ ደጀኔ ዋናው መንገድ ላይ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ቤተሰባቸው ከሸዋ የመጣው እሳቸው ሳይወለዱ ነው፤ እሳቸው ግን አሁንም እንግዳ ሲመጣ «እኛ ለአገሩ እንግዳ ነን» ማለት ይወዳሉ። እኔ የዋጫ ልጅ ነኝ፤ እናት አባቴ፣ አያት ቅድመ አያቴ ከፋ። ሽማግሌ ልላክ ወይስ አልላክ ብዬ ሳሰላስል ሁለት ዓመት አለፈ። ሰናይት በመጨረሻ፣ መድኃኒቶቹ እንኳን የሚበላሹበት ቀን ተጽፎባቸዋል አለችኝ። ገባኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች ላክሁ። አንዱ የእናቴ ወንድም፣ ከዋጫ በሚኒባስ የሚመጡት አጎቴ ወልደ ማርያም ናቸው። ሁለተኛው ቤት ያከራዩኝ ነጋዴው ሐጂ ሙስጠፋ፣ ሦስተኛው ብዙ የማይናገሩ ጡረተኛ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ደጀኔ እንደ ወጉ፣ ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ በሚቀጥለው እሑድ ተመለሱ አሏቸው። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ መልስ ሳንሰማ ውሃም አንቀምስም ብለው ወጡ። እንግዲህ የእኔ ሕይወት የተንጠለጠለው በዚያች እሑድ ላይ ነበር። እሺ ካሉ ሰናይት አለች፤ እምቢ ካሉ ራስ ምታቱ ብቻ ይቀረኛል።

በዚህ መሀል የሰናይት ወንድም ከአዲስ አበባ ባለ ሁለት ዓይን የቡታጋዝ ምድጃ ከነሲሊንደሩ ላከ። እናቷ እትዬ ወርቅነሽ ምድጃውን የት አስቀመጡት? ወጥ ቤት እንዳትሉ። ሳሎን፣ ከቡፌው አጠገብ፣ ሶፋው ፊት ለፊት። ሲሊንደሩን ዳንቴል አለበሱት። ምድጃው እንግዳ የሚያየው ዕቃ እንጂ የሚበሰልበት አልነበረም፤ ምክንያቱም እትዬ ወርቅነሽ በሰማያዊ እሳት አያምኑም። ስድስት ሰው ፊት፣ ይሄ እሳት አይደለም፣ የእሳት ጥላ ነው ብለዋል። ልብ አድርጉ፣ በዚያው ጥላ ላይ ወተት ገንፍሎባቸዋል።

እኔ በሰናይት በኩል ትምህርት ላክሁ። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው አልኳት። ቢጫ ከሆነ ግን አየር አንሶታል ማለት ነው፤ ያልተሟላ ቃጠሎ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ይገድላል። ቶሎ መዝጋት፣ በር መክፈት፣ ሰው ማስወጣት። ይህን ደጋግሜ ነገርኳት። ስጨርስ፣ ይህን ያህል ለፍቅር ተናግረህ አታውቅም አለችኝ። እንዲያው በዚያው ጊዜ ነው ሌላም ነገር የነገርኳት፤ እናቷ ለሽማግሌዎቹ ምን ቢቀርብ ደስ እንደሚላቸው አስጠይቀውኝ ነበር። እኔም ያለ አንዳች ምናልባት፣ የእኛ ቤት ሰው ቡና የሚወደው በጨው ነው፣ አያቴ እንደዚያ ነበር የሚጠጣው አልኩ። በአገሩ በጨው የሚጠጣ አለ፣ በቅቤም የሚጠጣ አለ፤ እኔ ከልጅነቴ የማስታውሰው ግን ጨዉን ነበር።

እሑድ ደረሰ። ልማዱን ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ የላከ ሰው በዚያ ቤት ደጃፍ አይታይም። ራሱ ከመጣማ ሽማግሌው ምን ያደርጋል? ስለዚህ እኔ ከቤታቸው ማዶ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ በሩን እያየሁ ነበር። ዝናብ ጣለ (ወይም ጥሎ ነበር)። ሽማግሌዎቹ ገቡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ከዚያ ስልኬ ላይ የሰናይት መልእክት መጣ፤

«እሳቱ ቢጫ ሆነ። እማዬ በጣም ደስ ብሏታል። ችግር አለው?»

ደወልኩ። አታነሳም። በሽምግልና መሀል ስልክ ማን ያነሳል? ደግሜ ደወልኩ። እኔ ነገርን በቅደም ተከተል የማስብ ሰው ነኝ፤ በቅደም ተከተል አሰብኩ። በሩ ተዘግቷል። መስኮቶቹ ለብርዱ ተዘግተዋል። ሳሎኑ ጠባብ ነው። ውስጥ አምስት ሽማግሌና አሮጊት፣ ሰናይትም አለች። ብገባ ጋብቻው ይፈርሳል። ባልገባ የሚያገባም የሚድርም ላይኖር ነው። ለሁለት ዓመት የተወላወልኩ ሰው ለመወሰን የፈጀብኝ ከወንበር ለመነሳት የሚበቃውን ያህል ብቻ ነበር።

በሩን ሳላንኳኳ ገፍቼ ገባሁ። ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ በተርታ ተቀምጠዋል። ጋሽ ደጀኔ ትይዩአቸው፣ አፋቸውን ሊከፍቱ ያሉ መስለው። በምድጃው ላይ ጀበና። ከጀበናዋ ሥር ወርቅ የመሰለ ቢጫ ነበልባል። ከጎኑ እትዬ ወርቅነሽ፣ ልጅ እንደወለደች ሴት ፊታቸው በርቶ። ለካ ከሰሉ በዝናቡ ርሶ አልያያዝ ሲላቸው ነው ወደዚህ የእሳት ጥላ የመጡት፤ ጥላውም በዓይናቸው ፊት እሳት ሆነላቸው።

ማንንም ሰላም ሳልል ምድጃውን ዘጋሁ። መስኮቶቹን ከፈትኩ። ከዚያም በክፍል ውስጥ እንኳ ወጥቶልኝ በማያውቅ ድምፅ ሁሉም ወደ ውጭ እንዲወጡ አዘዝኩ። የሚያስደንቀው ወጡ። ሐጂ ሙስጠፋ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው ተጫምተው ወጡ። አጎቴ በመገረም እንጂ በመፍራት አልወጡም፤ ሲያልፉ ፊቴን እያዩ ነበር፣ እብደት በቤተሰባችን ከየት እንደመጣ ለማስታወስ ይመስል።

በጣሪያው ክፈፍ ሥር በተርታ ቆምን። ዝናቡ በጫማችን ጫፍ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ የተናገሩት ሐጂ ናቸው።

«ልጄ፣ እኛን ልከህ ነበርኮ።»

አዎ አልኩ።

«እና ራስህ የምትመጣ ከሆነ እኔ እሑዴን ለምን አቃጠልኩ?»

ስለ ማቃጠል ካነሱ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ አየር ማነስ፣ ስለ ካርቦን፣ ሽታና ቀለም ስለሌለው መርዝ። አጎቴ አቋረጡኝ። ሽታ የለውም? የለውም። አይታይም? አይታይም። ታዲያ መኖሩን አንተ በምን አወቅክ? በእሳቱ ቀለም አልኩ። አጎቴ ወደ ሐጂ ዞረው፣ ይህን ልጅ ያስተማርኩት ቡና ሸጬ ነው አሉ። ራሱን ያዞረው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ይህ ምልክቱ ስለሆነ ነው። አጎቴ እኔን ከዋጫው ሚኒባስ ጀምሮ አዙሮኛል አሉ። ሐጂም አሁን አንተን ሳይ አዞረኝ አሉ። እንዲህ ካሉ ሰዎች እንዴት መረጃ ይሰበሰባል?

  በመጨረሻ ጋሽ ደጀኔ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፤ «መምህር፣ ልጄን ፈልገህ ሽማግሌ ላክህ። ቆይተህ ደግሞ ከቤቴ ውጣ አልከኝ። ቀጥሎ የምትጠይቀኝን ልወቀው።»

 ያን ጊዜ ነው ሰናይት፣ በሁላችንም መሀል የተረጋጋችው እሷ ብቻ ነበረች፣ ወደ ውስጥ ገብታ ጀበናውን አንስታ የተመለከተችው። ቡናው ገንፍሎ የምድጃው ዓይን ላይ ፈሷል አለች። ያ ገንፍሎ የደረቀበት ጥግ ጥግ ላይ ነጭ ነገር አለ አለች። ነጭ? ቡና ሲደርቅ ነጭ የሚሆነው የት አገር ነው?

 ወደ እትዬ ወርቅነሽ ጠጋ ብዬ ቡናው ውስጥ ምን እንደገባ በሹክሹክታ ጠየቅሁ።

«ጨው ነዋ» አሉ፣ እሳቸውም በሹክሹክታ፣ ጥያቄው እያሳዘናቸው። «እንደ ነገርከን። መጠኑን ስላልነገርከን ለሦስት ሰው የሚበቃ ጨመርኩ።»

ጨው። አያችሁ፣ የሶዲየም ውህድ እሳት ላይ ሲደርስ ነበልባሉን ቢጫ ያደርገዋል፤ መዳብ አረንጓዴ፣ ሊቲየም ቀይ፣ ፖታሲየም ሐምራዊ። ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ሽቦ ጨው ውስጥ ነክሬ እሳት ላይ ይዤ፣ ልጆች ይህን የማያስታውስ ሰው ከዚህ ክፍል እንዳያልፍ እላለሁ። ይኸው አላለፍኩም። ደግሞ ሁለቱ ቢጫዎች አይመሳሰሉም። የአየር እጥረት ቢጫ ረዥም ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጥላሸት ይተፋል። የጨው ቢጫ ግን ነበልባሉ ቅርጹን ሳይለቅ ቀለሙን ብቻ ይለውጣል። ጥላሸቱን አይቼ እንዳልለይ ደግሞ ጀበና ከተፈጠረች ጀምሮ ጥቁር ናት። በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ዕቃ ላይ ጥላሸት ፈልጉ እስቲ።

አደጋ እንደሌለ ተናገርኩ። ከዝናብ በታች ቆሞ ይህን መናገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አላመኑኝም፤ ይገድላል ሲባሉ ያመኑ ሰዎች አይገድልም ሲባሉ ማስረጃ ጠየቁ። ስለዚህ ተመልሰን ገባን። ሰናይት የምድጃውን ዓይን ጠርጋ አደረቀች፤ ለኮስኩ፤ ሰማያዊ ሆነ። ቁንጥር ጨው በተንኩበት፤ ቢጫ ሆነ።  ከዚያ ጋሽ ደጀኔ እጃቸውን ዘርግተው ጨው ጠየቁ። በተኑ። ቢጫ። ደግመው በተኑ። ሐጂም እስቲ እኔም አሉ። ብዙ የማይናገሩት ሦስተኛው ሽማግሌ ሳይጠይቁ በሁለት ጣታቸው ወስደው በተኑና፣ የዚያን ቀን ብቸኛ ንግግራቸውን አደረጉ፤ «ይገርማል» አሉ። የእኔ ዕጣ የሚቆረጥበት ጉባኤ ምድጃ ዙሪያ ቆሞ እየተሻማ ጨው ይበትናል። ለሁለት ዓመት የፈራሁት ቀን ይህ ነበር።

እትዬ ወርቅነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ እንግዲህ እሳቱ እንዲሞቅ ሁልጊዜ ጨው ማድረግ እችላለሁ ማለት ነው አሉኝ። የሚለወጠው ቀለሙ ነው እንጂ ሙቀቱ አይደለም አልኳቸው። በፊት ቀዝቃዛ ነበርኮ አሉ። አልነበረም አልኩ። ወተቱን አስታወስኳቸው። ወተት በራሱም ይገነፍላል አሉ። ከዚህ በላይ አልተከራከርኩም፤ አማቴ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጨዉ ሲያልቅ ጋሽ ደጀኔ ወንበራቸው ላይ ተመለሱ፤ ፊታቸውም ወደ አባትነቱ ተመለሰ። ልጁ ባለበት መልስ አይሰጥም፣ ይውጣ አሉ። ወጣሁ። ያው ዝናብ፣ ያው ሻይ ቤት፣ ያው የቀዘቀዘ ሻይ፤ እኔ ብቻ ከላይ እስከ ታች ረጥቤያለሁ።

ረዥም ጊዜ ቆዩ። በሩ ሲከፈት ሦስቱንም ተራ በተራ ፊታቸውን አየሁ። እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። አጎቴ ከንፈራቸውን አጥብቀው ዘግተዋል። ሐጂ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሯል። ሦስተኛው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አለቀ አልኩ። ሻይ ቤት ሲገቡ አንዳቸውም ሰላም አላሉኝም፤ አጎቴ እጃቸውን አንስተው ለአስተናጋጇ ውሃ አሏት። ጠጡ። ሌላ አሉ። ሐጂም ጠጡ። ሦስተኛው ከሻይ ቤቷ የውሃ ማሰሮ ተጠግተው ቆሙ።  የሚያሳዝን ነገር ሲነገር ውሃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም ብዬ አስብ ነበር።

«ሰጥተውሃል» አሉ አጎቴ፣ ሦስተኛውን ብርጭቆ ሲያስቀምጡ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ጋሽ ደጀኔ እንዲህ ብለው ነበር አሉ ሐጂ፤ ለገዛ ጉዳዩ ሁለት ዓመት ያልሮጠ ሰው ዛሬ ለእኛ ነፍስ ሮጠ፤ ባይረባም ሮጧል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፤ ልጅቷን ሲወስድ ያንን ምድጃ አብሮ ይውሰድልን። እትዬ ወርቅነሽ ከልባቸው ተስማምተዋል።

ታዲያ ፊታችሁ ለምን እንዲህ ሆነ አልኳቸው።

ቡናው ነው አሉ። መልሱ ከተሰጠ በኋላ ያ ጨው የበዛበት ቡና ተቀዳ። አጎቴ በመጀመሪያው ጉንጭ የባሕር ውሃ መሰላቸው፤ ግን የሸዋ ሰዎች ወግ ይሆናል ብለው ዋጡት። ጋሽ ደጀኔም የከፋ ሰዎች ወግ ነው ተብለው ነበርና፣ እንግዳ እንዳይከፋው ዋጡት። ሁለተኛም ተቀዳ። ማንም ፊቱን አላጨማደደም። ሁለት ቤተሰብ በጉሮሮው ተከባበረ።

እኔ ግን እዚህ ላይ ተቆጣሁ። እንዴት የእኛ ወግ አይደለም? አያቴ በጨው አልነበረም የሚጠጣው? በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማለዳ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ በቀኝ እጁ ስኒ፣ በግራ እጁ ጨው። ይህን ያህል በግልጽ የማስታውሰው ሌላ ነገር የለኝም። አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸውና፣ የአባቴን አባት አጠጣጥ ስለማያውቁ አልተከራከሩኝም፤ ሌላ ውሃ ብቻ ጠየቁ።

በማግስቱ፣ ነገርን ማጣራት ስለምወድ፣ ዋጫ እናቴ ጋ ደወልኩ። ምራትነቷን በዚያ ቤት ስላሳለፈች ታውቃለች። በረንዳውን አስታወሰችው። ስኒውንም፣ ጨዉንም። አያቴ እስኪሞት ቡናውን ሲጠጣ የኖረው በስኳር ነው። ጨዉ ላሟ የምትልሰው ነበር።